የመርማሪው ልጅ የጆሮ ፕሮጀክት

ወደ ክፍሉ ያስገቡኝ ከጥፊው በኋላ ስለነበር ክፍሉን መጀመሪያ ያወቅሁት በአንድ ጆሮ ነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ በቀኝ በኩል የብረቱን ድምፅ ሰማሁ፤ በግራ በኩል ጭው ከሚል ነገር በቀር ምንም አልነበረም። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሰዎች አፋቸው ይንቀሳቀሳል። በቀኜ ያሉት «እግዜር ያስፈታህ» ሲሉኝ ይሰማኛል፤ በግራዬ ያሉት ግን ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን ሆነውብኛል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በላዩ ካርቶንና ቀጫጭን ፍራሽ ተነጥፎበታል። ከጣሪያው ሥር ሽቦ የተመታበት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። ክፍሉ የእግርና የሽንት ሽታ ነበረው። አንገቴ ላይ ሞቅ ያለ ነገር ሲወርድ ተሰምቶኝ ብነካው ትንሽ ደም ነው።

የሳይንስ መምህር ነኝና የደረሰብኝን ነገር በስሙ አውቀዋለሁ። የተዘረጋ መዳፍ ጆሮ ላይ ሲያርፍ በጆሮ ቱቦ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ያጣል፣ ይታመቃል። የታመቀ አየር ደግሞ ደካማ ቦታ ፈልጎ ይወጣል። ደካማው ቦታ የጆሮ ታምቡር ነው፤ ከወረቀት እምብዛም የማይወፍር ስስ ሽፋን። ይህን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምሬዋለሁ። በራሴ ሲደርስ ግን ስለ አየር ግፊት አላሰብኩም። የመታኝን ሰው ጣቶች አንድ በአንድ ስለመስበር ነው ያሰብኩት።

ጥፋቴ እጅ ማውጣት ነበር። በትምህርት ቤታችን ስብሰባ ጠርተውን፣ መድረኩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ተናግረው ተናግረው ሲያበቁ «ጥያቄ ያለው?» አሉ። እንዲህ የሚባለው ለወጉ እንደሆነ ማንም የመንግሥት ሠራተኛ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን አብራን ታስተምር የነበረች አንዲት መምህርት ከተወሰደች ሰንብታለች፣ ፍርድ ቤትም አልቀረበችም። እጄን አውጥቼ ለምን እንዳልቀረበች ጠየቅሁ። አጠገቤ የነበሩት ወንበራቸውን ሸሸት ሲያደርጉ አየሁ። ብዙም ሳይቆይ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ደጃፍ፣ ዳቦ ይዤ ስገባ ወሰዱኝ።

የወሰዱኝ ሩቅ አይደለም። ለፀሐይ ወደ ግቢው ስንወጣ በአጥሩ ላይ የሰፈሬ ሕንፃዎች፣ ዲሾቹና በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ ይታየኛል። ከመንገዱ «ተክልዬ! መርካቶ!» የሚሉት ወያላዎች ይሰሙኛል። ሚስቴ ስንቅ ይዛ በእግሯ መጥታ በእግሯ ትመለሳለች። ሰው ቤቱን እያየ ሲታሰር እስሩ ይከብዳል፤ ይህን የደረሰበት ያውቀዋል።

መርማሪው ከታናሽ ወንድሜ ጋር እኩያ ቢሆን ነው። እሱ አንተ ይለኛል፣ እኔ እርስዎ እለዋለሁ። ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። ሲመታኝ እንኳ አልተቆጣም። «ማን ነው የላከህ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ተነሣ፣ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፣ መታኝ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ ካቆመበት ቀጠለ። ከጥፊው ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ተቆጥቶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሰው መምታቱን ያውቀው ነበር።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ለዳኛዋ ጆሮዬን መመታቴን ተናገርኩ። ዳኛዋ ወደ እሱ ዞረው ጠየቁት። «ክብርት ዳኛ፣ ሲገባም ያመው ነበር። ከቤቱ ይዞት የመጣው በሽታ ነው» አለ፤ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም። ዳኛዋ እንድታከም አዘዙ፤ ጥጥና ጠብታ ተሰጠኝ። እሱ የጠየቀው ተጨማሪ የምርመራ ጊዜም ተፈቀደለት።

ከዚያን ቀን ወዲያ የምፈልገው አንድ ነገር ሆነ። መፈታት እንኳ ሁለተኛ ሆነብኝ። ያ ሰው በሆነ ሰው ፊት፣ ማንም ይሁን ማን፣ የገዛ እጁን አይቶ «እኔ ነኝ የመታሁት» እንዲል ፈለግሁ። ይህን እያሰብኩ ነበር የምተኛውና የምነሣው። ጥጡን በቀየርኩ ቁጥር መግሉን አየዋለሁ፤ ቂሜም እንደ እሱ ያመረቅዛል።

በክፍሉ ውስጥ ከሁለት ሰዎች ጋር እቀራረብ ነበር። አንዱ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን አክብረን ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ምግብ የሚከፋፈለው በእሳቸው እጅ፣ ጠብ የሚበርደውም በእሳቸው አፍ ነው። ሌላው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሞባይል ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ነው። ቲቸር እያለ ይጠራኛል፤ ማታ ማታ የሳይንስ ጥያቄ እየጠየቀ ያደክመኛል። ነጎድጓድ ከመብረቁ ለምን ይዘገያል፣ ጨረቃ ለምን አትወድቅም፣ ዓሣ ውሃ ውስጥ እንዴት ይሰማል ይላል። በጆሮው ደህንነት እቀናበት ስለነበር መልሱን ረዘም አድርጌ እየነገርኩ አስተኛው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ካርቶን፣ ማጣበቂያ፣ ከለርና መቀስ ተቀምጧል።

«መምህር፣ ሳይንስ ነው አይደል የምታስተምረው?»

«አዎ።»

«ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ፕሮጀክት አዘዋታል፣ በሞዴል የሚሠራ። ሁለት ሦስት ስቴሽነሪ ጠየቅሁ፣ የሚችል የለም።» እስክሪብቶውን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ ነበር። «የሰው ጆሮ ነው።»

ፊቱን አየሁት። ጆሮ ሲል አላመነታም፤ የማፌዝ ነገርም የለበትም። ቀስ ብሎ ገባኝ፤ ረስቶታል። እኔ ቀኑን ሙሉ በቀኝ ጎኔ እየዞርኩ፣ ሌሊት በግራ ጆሮዬ ላይ መተኛት አቅቶኝ ስገላበጥ፣ እሱ ጨርሶ ረስቶታል። ለእሱ አንድ የሥራ ቀን ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ያለው ሁሉ የፕሮጀክትን ነገር ያውቃል። የሚታዘዘው ለልጅ ነው፣ የሚሠራው ወላጅ ነው፣ ወላጅ ካልቻለ ስቴሽነሪ ነው። እኔ ራሴ ስንት ዘመን ለአባቶች ውጤት ስሰጥ ኖሬያለሁ። አንድ አባት የሠሩት እሳተ ገሞራ ጭስ እንጂ የቀለጠ ዓለት የለውም ብዬ ውጤት ብቀንስባቸው እስከ ዛሬ ሰላም አይሉኝም። ደንበኛ አባት ማለት ልጁ የማታውቀውን ነገር አሳምሮ የሚያቀርብ ነው። ይህም መርማሪ በዚህ ረገድ እንደማንኛውም ደንበኛ አባት ነበር።

«ጥሩ አድርገህ ሥራላት» አለኝ። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ዋስትና ብትጠይቅ አልቃወምም።»

ላስብበት አልኩት። ማሰቤ ገርሞት ሳቀ፣ መልሶም ላከኝ።

ክፍሉ ውስጥ ለሁለቱ ነገርኳቸው። ወጣቱ ከፍራሹ ዘሎ ተነሣ።

«ቲቸር፣ በእጅህ ገባ እኮ! ኩላሊት ሥራለት! ጆሮ ነው ብላ ኩላሊት ይዛ ትግባ! ክፍሉ ሙሉ ይሳቅ!»

አባባ አልሳቁም። «ሠርተህ ስጠውና ቤትህ ግባ» አሉኝ። «ያቺን ሴትዮ አስባት፣ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ተሸክማ በር ላይ ስትንገላታ። ቂም ይዘህ ምን ልትሠራበት ነው? ልጅቷስ ምን አደረገችህ?»

«ምንም አላደረገችኝም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ተወው።»

ቀኑን ሙሉ አወጣሁ አወረድኩ። የወጣቱ ሐሳብ አላስቀየመኝም፤ እንዲያውም እያሰብኩት ብቻዬን ሳቅሁ። ችግሩ ግን ቅጣቱ የሚያርፈው ልጅቷ ላይ ነው። ደግሞም ስህተት ማስተማር አልችልም። ይህን ደግነት ብላችሁ እንዳትወስዱት፤ የሥራ ልማድ ነው፤ ልብስ ሰፊ ሆን ብሎ እጅጌ አጣምሞ መስፋት እንደማይሆንለት ነው። እያሰብኩ ስሄድ አንድ ነገር ታየኝ። ስህተት ብሠራ የምትቀጣው እሷ ናት። ትክክል አድርጌ፣ አንዲት ነገር ሳልደብቅ ብሠራ ግን የሚቀጣው እሱ ነው።

በማግሥቱ መርማሪውን «እሠራለሁ፤ ግን ልጅቷ ራሷ ማስረዳት አለባት» አልኩት። «መምህሯ ትጠይቃታለች፣ አላውቅም ካለች ሰው እንደሠራላት ይታወቃል። ሳላሳያት አይሆንም።»

ጥቂት አሰበ። ለልጁ ውጤት የሚጨነቅ አባት ነውና ነገሩ አሳመነው። «ቅዳሜ አመጣታለሁ» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲጠሩኝ አባባ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «አፍህን ዝጋና ውጣ፣ ልጄ» አሉኝ። እሺ አላልኳቸውም።

ልጅቷ ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሁለት ቦታ አስይዛ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጣለች። ዓይኖቿ የአባቷ ናቸው። ስገባ ከወንበሯ ተነሣችልኝ። ከታሰርኩ ወዲህ ሰው ሲነሣልኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ማሚዬ፣ ቲቸር ናቸው፤ አብረን ነው የምንሠራው» አላት አባቷ። ከዚያ መስኮቱን ተደግፎ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ወገቡ ላይ ቆረጥኩና ላይኛውን ክፍል ያዝኩ። ሰፊው አፍ የውጪው ጆሮ ነው፣ እየጠበበ የሚሄደው ቱቦው ነው አልኳት። ከዳቦ ፌስታል ስሱን ቆርጬ በጠባቡ ጫፍ ላይ ወጠርኩት። የማስርበት ነገር ሳጣ ከፀጉሯ ላስቲክ አውጥታ ሰጠችኝ። «ይኼ ታምቡሩ ነው» አልኳት። ከካርቶን ሦስቱን ጥቃቅን አጥንቶች፣ መዶሻውን፣ መስፉንና እርካቡን ቆረጥን። ቀንድ አውጣ የሚመስለውን የውስጥ ጆሮ ከተጠቀለለ ገመድ እሷ ራሷ ሠራችው። እጇ ንጹሕ ነው፤ ማጣበቂያ አላዝረከረከችም። ክፍል ውስጥ ብትሆን ከፊት የማስቀምጣት ዓይነት ተማሪ ናት።

አባቷ ለሻዩ ካስቀመጠው ስኳር ትንሽ ወስጄ ታምቡሩ ላይ በተንኩ። «አሁን ከሥር ሆነሽ ስምሽን ጥሪ» አልኳት። ጠራች፤ ስሟን እዚህ አልጽፈውም። ስኳሩ ዘለለ።

«አባዬ፣ እየው! ይጨፍራል!»

«ድምፅ ማለት ንዝረት ነው» አልኳት። «አንቺ ስትናገሪ አየሩ ይነዘራል፣ አየሩ ታምቡሩን ያነዝራል፣ ታምቡሩ አጥንቶቹን ይነቀንቃል። ከዚያ ነርቩ ወደ አንጎልሽ ይወስደዋል።»

ደጋግማ ሞከረችው። ቀጥሎ የሆነ ነገር ጠይቃኝ ኖሯል፤ በግራዬ ስለነበረች አልሰማሁም። እጅጌዬን ነካችኝ።

«ቲቸር፣ እየጠራሁዎት እኮ ነው።»

«በዚህኛው ጆሮዬ ደህና አድርጌ አልሰማም። በዚያ በኩል ዙሪልኝ።»

አልዞረችም። ጥጡን አየችው። «ምን ሆነው ነው?»

የመርማሪው ጣት ስልኩ ላይ ቆመ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን፤ ያኔ ትዝ እንዳለው አየሁ። ወንበሩን አየ፣ ጥጡን አየ፣ ልጁን አየ። ደስ አለኝ። ከታሰርኩ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ታምቡሩ ተቀዶ ነው» አልኳት።

«እንዴት ይቀደዳል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ተማሪ እንዴት ብሎ ሲጠይቅ በቃል ከመንገር ሞክሮ ማየት ይሻላል። «እንሞክረው» አልኩና ሃይላንዱን ሰፊውን አፍ ወደ እሷ አዞርኩላት። «በመዳፍሽ ግጥም አድርገሽ ምቺው።»

መታች። ፌስታሉ ነፋ ብሎ ተመለሰ። ደገመች፣ ያው ነው።

«እጅሽ ትንሽ ነው፣ አየሩ በጎን ያመልጣል» አልኳት። «አፉን ሙሉ በሙሉ የሚከድን ትልቅ እጅ ይፈልጋል።»

ማንንም አላየሁም። ማየትም አላስፈለገኝ።

«አባዬ፣ አንተ ምታው!»

«ማሚዬ፣ ሥራ አለብኝ። ጨርሱ።»

«አንዴ ብቻ! ፕሊስ!»

መጣ። እኔ ሃይላንዱን ይዤለታለሁ። በመዳፉ ነካ አደረገው፤ ፌስታሉ አልተነቃነቀም።

«ኧረ ጠንከር አድርገው!» አለች እየሳቀች።

አየኝ። ዓይኑ ይለምነኝ ነበር፤ ይህን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምናገረው። ይበቃል ብል ነገሩ ያበቃል። ለልጅቷ የተለየ ምክንያት እሰጣታለሁ፣ በክብሪት እንጨት ስጠርገው ነው እላታለሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ዋስትናዬን አግኝቼ ቤቴ እገባለሁ። ምሳ ዕቃዋን ይዛ በር ላይ የምትቆመው ሚስቴ ትዝ አለችኝ። አባባም ትዝ አሉኝ።

«እንደሚያውቁበት አድርገው ይምቱት» አልኩት።

መታው። ፌስታሉ ላይ ተጣብቆ የቀረው ስኳር ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ፌስታሉ መሐሉ ላይ ተተርትሮ ተንጠለጠለ። ልጅቷ ሳቋ ቆመና እጇን በራሷ ጆሮ ላይ አደረገች።

«አሁን ስምሽን ጥሪ» አልኳት። በተቀደደው ላይ አዲስ ስኳር በትኜ አጠጋሁላት። ስሟን ጠራች። ስኳሩ አልዘለለም።

«ቲቸር» አለች ቀስ ብላ፣ ወደ ቀኜ ዞራ፤ «እርስዎንም ሰው መትቶዎት ነው?»

«አዎ።»

«ማነው የመታዎት?»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። «እሱ» ብል፣ ሁለት ፊደል ብቻ፣ ያልቅ ነበር። ግን እኔ እንድናገረው አይደለም የፈለግሁት።

«አባትሽን ጠይቂው» አልኳት።

ወደ እሱ ዞረች። ጠበቀችው። እሱ ከጠረጴዛው ላይ ስኳሩን በመዳፉ እየጠረገ ነበር። «በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ! እንሂድ!» አላት፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ ግን ሳትቸኩል ሁሉንም ሰበሰበች። በተቀደደው ታምቡር ፋንታ አዲስ ወጥሬ ሰጠኋት፣ ፕሮጀክቷ እንዳይጎድልባት። በሩ ላይ ስትደርስ «አመሰግናለሁ ቲቸር» አለችኝና አንዴ እኔን፣ አንዴ የአባቷን እጅ አይታ ወጣች።

መኪና ውስጥ አስገብቷት ኖሮ ብቻውን ተመለሰ። በግራዬ ቆሞ ያወራ ጀመር። አፉን አየሁት፤ በፍጥነት ይንቀሳቀሳል። ከማጉረምረም በቀር የሚሰማኝ የለም። ቢጮኽ እሰማው ነበር፤ ልጁ መኪና ውስጥ ስላለች አልጮኸም።

«አልሰማም» አልኩት። «ዞረህ በዚህ በኩል ተናገር።»

እርስዎ ማለቴን ያኔ ተውኩ። ቆመ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረ፤ በጥፊው ቀን ሊመታኝ የመጣባት መንገድ ናት። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፊቴን ሳልከልል ጠበቅሁት። በቀኜ መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ዋስትናህን እርሳው» አለኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኩት።

ቃሉን አላጠፈም። በቀጠሮው ቀን ዋስትናዬን ተቃወመ፣ ምስክር ያባብላል አለ፣ ሌላ ጊዜ ጠየቀ፣ ከዚያም ሌላ። ክረምቱን እዚያው አሳለፍኩ። ወጣቱ «አራዳ ነህ ቲቸር!» እያለ ታሪኩን ለገባ ለወጣው ሁሉ ያወራዋል። አባባ ግን ለብዙ ቀን ከሰላምታ በቀር አላናገሩኝም። «ሚስትህን ነው ያሰርካት» አሉኝ በመጨረሻ። እውነታቸውን ነው። የዋስትናውን ነገር ሰምታ፣ በዚያ ቀጠሮ ይፈታል ብላ ቤት አጽድታ፣ አልጋ ልብስ ቀይራ ጠብቃኝ ነበር። ይህን የነገረችኝ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ስትነግረኝም አላየችኝም።

ብዙ ሰው ትቆጭ እንደሆነ ይጠይቀኛል። ስለ ሚስቴ እቆጫለሁ። ስለ እሱ አልቆጭም። የንስሐ አባቴ ይቅር በለው ይሉኛል፤ ይቅርታ የሚሰጠው በደልኩ ላለ ነው እላቸዋለሁ። ልጅቷ አሁን ሁለተኛ ደረጃ ደርሳ ይሆናል። ቤት ገብታ ደግማ ጠይቃው እንደሆነ አላውቅም። ጠይቃው ከሆነ ወይ እውነቱን ነግሯታል፣ ወይ ዓይኗን እያየ ዋሽቷታል። ሁለቱንም ስመኝለት እኖራለሁ።

ከተፈታሁ በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ቀዳዳው ትልቅ ስለሆነና ስላመረቀዘ በራሱ አልተዘጋም፤ ግን በቀዶ ሕክምና ከሌላ የሰውነት ክፍል ስስ ሽፋን ወስዶ መድፈን ይቻላል አለኝ። ሚስቴ ደስ ብሏት ቀጠሮ ልታስይዝልኝ ተነሣች። እኔ አይሆንም አልኩ። ተጣላን፤ አሁንም አልፎ አልፎ እንጣላለን። ሰው እንዴት ጤናውን እምቢ ይላል ትለኛለች። ያ ሰው አንድ ቀን ተጠርቶ ዳኛ ፊት ሲቆም፣ «ከቤቱ ይዞት የመጣው ነው» ሲል፣ ሐኪም መብራት ይዞ ወደ ጆሮዬ ውስጥ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ከተደፈነ ምን አሳያለሁ? እስከዚያው ገላዬን ስታጠብ ጥጥ በቫዝሊን ለውሼ እወትፈዋለሁ፤ ውሃ እንዳይገባበት።